ልያ በዚያች ሌሊት ምን አለች?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የደሴ ከተማ ነዋሪ ስሆን፣ በደብራችን ሰንበት ትምህርት ቤት ታዳጊዎችን አስተምራለሁ። ባለፈው ክረምት፣ ጭጋጉ ከጦሳ አናት ወርዶ ከቤት አላስወጣ ባለን ሰሞን፣ አንዲት ጓደኛዬ የያዕቆብንና የራሔልን ፍቅር አስፍቶ የሚተርክ ልብ ወለድ አውሳኝ በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። ልያ በሠርጉ ዋዜማ ከአባቷ እግር ላይ ወድቃ «በእህቴ ቦታ አታስገባኝ» እያለች የምታለቅስበት ክፍል ከልቤ አልወጣ ስላለኝ፣ በሳምንቱ ለልጆቹ አባቷ ላባ በራሔል ፈንታ ታላቂቱን ልያን ለያዕቆብ ያስገባበትን ተንኰል ሳስተምር ይህንኑ ጨምሬ ነገርኳቸው። አንዲት የ12 ዓመት ልጅ መጽሐፍ ቅዱሷን ገልጣ፣ ጣቷን ከገጹ ላይ ሳታነሣ፣ «መምህርት፣ ስንተኛው ቁጥር ላይ ነው?» አለችኝ። ምዕራፉን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ ባነበውም አላገኘሁትም። እንዲህ ያሉ መጻሕፍትን ማንበብ ይቅርብኝ ይሆን? ስሜ ይቆይልኝ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ማንበቡስ አይቅርብዎ። የሚለወጠው ቅደም ተከተሉ ነው። ልብ ወለዱን ከመጀመርዎ በፊት ታሪኩን ከመጽሐፍ ቅዱስ ያንብቡት፤ ልብ ወለዱን ሲጨርሱም ወደዚያው ተመልሰው እንደገና ያንብቡት። ያቺ ልጅ ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ ጣቷን ከገጹ ላይ ሳታነሣ ሰማችዎት።

ደራስያን ወደ እነዚህ ታሪኮች የሚሳቡበት ምክንያት ግልጽ ነው። ያዕቆብ ለራሔል የተገዛው 7 ዓመት በዘፍጥረት 29 ውስጥ በአንድ ቁጥር ያልፋል፤ ስለሚወድዳትም እንደ ጥቂት ቀን ሆነለት ይለናል እንጂ ክረምቱን እንዴት እንደከረመ፣ ራሔልን በየስንት ቀኑ እንደሚያያት አይነግረንም። ልያ ደግሞ በዚያች ሌሊት አንዲት ቃል ስትናገር አንሰማም። ፈቅዳ ገብታ ይሁን ተገዳ፣ አልቅሳ ይሁን ተስፋ አድርጋ፣ መጽሐፉ ዝም ብሏል። ደራሲው የሚገባው በዚህ ዝምታ በር ነው፤ መግባቱም በራሱ ጥፋት አይደለም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ያሳተሙት የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ርእሱ ራሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ ቃሉ ታሪኩ ከየት እንደተወለደ አይደብቅም። ያነበቡት የልያ ልቅሶም የተወለደው ከደራሲው ልብ ነው።

ጥፋት የሚሆነው ደራሲው ዝምታውን መሙላቱን ትቶ የተነገረውን ሲለውጥ ነው። ለምሳሌ ብዙ ሰው ያዕቆብ ራሔልን ያገባው 14 ዓመት ሙሉ ጠብቆ ይመስለዋል። ምዕራፉ የሚለው ግን ሌላ ነው፤ የልያ የሠርግ ሳምንት እንዳለቀ ራሔል ተሰጠችው፣ ሁለተኛውን 7 ዓመት የተገዛው እርሷን ካገባ በኋላ ነው። ስለዚህ ያዕቆብ ሁለተኛውን 7 ዓመት ራሔልን ከሩቅ እያየ ሲቃጠል የሚተርክ ልብ ወለድ ቢገጥምዎ፣ ቋንቋው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ደራሲው ምዕራፉን በጥንቃቄ እንዳላነበበው ይወቁ።

ስለ ልያ ጥቂት ልቆይ፤ ከዓመት ዓመት የምመላለስባት ሴት ናትና። በሠርጓ ሌሊት ዝም ብትልም ኋላ ትናገራለች፤ የምትናገረውም በልጆቿ ስም ነው። የበኵር ልጇን ሮቤል ስትለው አሁን ባሌ ይወደኛል ብላ ነው። ስምዖንን ስትወልድ እግዚአብሔር እንደተጠላሁ ሰማ አለች፤ በሌዊ ጊዜ ደግሞ ከእንግዲህ ባሌ ከእኔ ጋር ይጣመራል ብላ ተስፋ አደረገች። አራተኛውን ስትወልድ ግን ባሏን ጨርሶ አላነሣችም፤ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ ብላ ይሁዳ አለችው። በሦስተኛውና በአራተኛው ልጅ መካከል በዚያች ሴት ልብ ውስጥ ምን ሆነ? እኔ ደራሲ ብሆን መጽሐፌን የምጽፈው በዚህ ላይ ነበር። ከዚያም ወደ ፍጻሜው ይሂዱ፤ ራሔል በኤፍራታ መንገድ ላይ ሞታ እዚያው ስትቀበር፣ ያዕቆብ በግብፅ ሆኖ ልጆቹን ቅበሩኝ ያላቸው ልያን በቀበረበት ዋሻ ነው (ዘፍጥረት 49፥29-31)። ስፍራው የአባቶቹ መቃብር በመሆኑ ነው ቢባል ትክክል ነው። ሆኖም «ልያንም በዚያ ቀበርኋት» ሲል ድምፁ እንዴት እንደነበረ ማሰብ የአንባቢ መብት ይመስለኛል።

ጥሩ ልብ ወለድ የሚሠራው ሥራም ይህ ነው፤ ያለፍነውን ሰው መልሶ ያሳየናል። ስለ ዳዊትና ሜልኮል ስንት ጊዜ ሰምተናል፤ ንጉሥ ሳኦል ልጁን ሜልኮልን ከባሏ ከዳዊት ነጥቆ ለፈልጢኤል እንደሰጣት፣ ኋላም ዳዊት እንዳስመለሳት እናውቃለን። በ2ኛ ሳሙኤል 3፥16 ግን ያ ፈልጢኤል እያለቀሰ ከኋላዋ እስከ ብራቂም ይከተላታል፤ የሳኦል ጦር አለቃ የነበረው አበኔር ተመለስ ሲለው ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ አናገኘውም። አንድ ቁጥር ብቻ ነው። እኔ ይህን ሰው ልብ ያልኩት ስለ ሜልኮል የተጻፈ ልብ ወለድ አንብቤ ነው፤ ደራሲው የፈጠረውን ሁሉ ዛሬ ብረሳውም መንገድ ላይ የሚያለቅሰውን ባል አልረሳሁትም፤ እርሱ ከመጽሐፉ ነውና።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። በትርጉም የሚደርሱን ብዙዎቹ ልብ ወለዶች የዛሬን ሰው ልብ ለጥንቱ ሰው ያለብሱታል። ታላቂቱ ሳትዳር ታናሺቱን መስጠት የአገራችን ወግ አይደለም የሚለውን የላባን ምክንያት እኛ ወሎ ተቀምጠን ስናነበው ፈጽሞ እንግዳ አይሆንብንም፤ ከሩቅ የሚጽፈው ደራሲ ግን የአጭበርባሪ ሰበብ ብቻ አድርጎት ያልፋል። ላባ አታላይ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን የጠቀሰው ወግ ታላቅ እህት ላለቻት ሴት ምን ያህል እንደሚከብድ የእኛ አንባቢ ከደራሲው ይልቅ ያውቃል።

በጥንቃቄ መስማትን እኔ የተማርኩት ከእናቴ ነው። ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ በነበረው ቤታችን፣ ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት ሙስሊም እናት ቡና ላይ የዩሱፍን ታሪክ ይነግሩን ነበር። የከተማዪቱ ሴቶች የሹሙን ሚስት ሲያሟት ግብዣ ትጠራቸዋለች፣ ለየአንዳንዳቸው ቢላዋ ትሰጣቸዋለች፣ ዩሱፍ ሲገባ መልኩን አይተው እጃቸውን ይቈርጣሉ። እዚህ ላይ ሲደርሱ ሲኒውን ትተው በአንድ እጃቸው ሌላውን እጅ ያዝ ያደርጉ ነበር። እናቴ ደግሞ ሁልጊዜ «ይኼ በእኛ መጽሐፍ የለም እህቴ፤ ግን ንገሪኝ» ትል ነበር። ታሪኩ በቁርኣን 12ኛ ምዕራፍ ይገኛል፤ በኦሪት ዘፍጥረት 39 የለም። ዙለይኻ የሚለው የሴትዮዋ ስም ደግሞ በሁለቱም የለም፤ በኋላ ዘመን ትረካና ግጥም የታወቀ ነው። እናቴ የቱ ከየት እንደሆነ ስለምታውቅ ከበረካው በፊት ተነሥታ አታውቅም።

በእኛም ቤት እንዲሁ ነው። ንግሥተ ሳባ ወደ ሰሎሞን እንደሄደች 1ኛ ነገሥት 10 በ13 ቁጥር ይነግረናል፤ ቅመም የበዛበት እራት፣ የሌሊቱ ጥምና የምኒልክ መወለድ ግን የምናገኘው በክብረ ነገሥት ነው። ክብረ ነገሥትን ልብ ወለድ ማለቴ አይደለም፤ በአገራችን ያለውን ክብር አውቃለሁ። የምለው፣ ሊቃውንቱ ሁለቱን መጻሕፍት አደባልቀው አይጠቅሱም ነው። በአንድምታ ትምህርትም ንባቡ ይቀድማል፣ ትርጓሜው ይከተላል፤ መምህሩ «አንድም» እያለ የፈለገውን ያህል ቢያሰፋ ንባቡ እንዳለ ይቆያል።

በመጪው እሑድ ያቺን ልጅ በጓደኞቿ ፊት ያመስግኗት፤ የነገርኳችሁ ልቅሶ ከልብ ወለድ ያነበብኩት ነው ብለው ያርሙላቸው። ከዚያም የልያን ልጆች ስሞች በሰሌዳ ላይ ጽፈው፣ እናታቸው በየስሙ ምን እንዳለች ልጆቹ ራሳቸው ፈልገው ያንብቡልዎ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፤ ከፋሲካ በኋላ ላገባ ነው። ስለ ሩት በተጻፈ አንድ ልብ ወለድ ውስጥ ሩት ለቦዔዝ «ወደምትሄድበት እሄዳለሁ፣ ሕዝብህ ሕዝቤ» ስትለው አንብቤ፣ ይህን ቃል በሠርግ መጥሪያ ካርዳችን ላይ ልናሳትመው አስበናል። ተገቢ ነው?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት። ቃሉ በእርግጥ የሩት ነው፤ የተናገረችው ግን ኋላ ላገባት ለቦዔዝ አይደለም። ባሏ ከሞተ በኋላ፣ ወደ ቤተ ልሔም ልትመለስ በተነሣችው አማቷ በኑኃሚን ፊት ቆማ፣ በሞዓብ መንገድ ላይ የተናገረችው ነው። ደራሲው ለአማት የተነገረውን ነጥቆ ለሙሽራ ሰጥቶታል፤ ይህም ከላይ እንዳልነው የተነገረውን መለወጥ ነው። መጽሐፈ ሩት 4 ምዕራፍ፣ 85 ቁጥር ብቻ ስለሆነ ከእጮኛዎ ጋር በአንድ ምሽት ትጨርሱታላችሁ፤ ቃርሚያውንም አውድማውንም ወሎ ያደገ ሰው ያለ ማብራሪያ ያየዋል።

ጥቅሱን ከወደዱት አይተዉት፤ «ሕዝብሽ ሕዝቤ» የሚለውን ግን እንዳለ ያኑሩት፤ ከሥሩም ሩት 1፥16 ብለው ያሳትሙ። የመጀመሪያውን ካርድ በእጅዎ ይዘው ለአማትዎ ያድርሱላቸው።