በአውስትራሊያ ስለሚበቅሉ የጣሊያን ወይን ዝርያዎች

ጠያቂያችን፣ «አውስትራሊያ ውስጥ ከጣሊያን ዝርያዎች የሚጠመቀው ወይን ጠጅ ከጣሊያኑ ይስተካከላል ወይ? ከየትኛውስ ልጀምር?» ብለው ላቀረቡት ጥያቄ፣ ሜልበርን ውስጥ በወይን ጠጅ ሽያጭ ሥራ ላይ ሆኜ ከቀመስኩትና እርሻዎቹ ድረስ ሄጄ ካየሁት ተነሥቼ እመልሳለሁ። ከዝርያው ስም ይልቅ የበቀለበትን ቦታ አስቀድመው ይመልከቱ።

ጣሊያን ከሰሜን ተራሮች እስከ ሲሲሊ የተዘረጋች አገር በመሆኗ ዝርያዎቿ የለመዱት አየር እጅግ የተለያየ ነው። በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን ያለው የፒዬሞንቴ ግዛት ቀይ ዝርያ ኔቢዮሎ ቀድሞ ያቆጠቁጣል፣ ዘግይቶም ይበስላል፤ በመሆኑም እዚህ በፀደይ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ የሚወርደው ውርጭ ያሰጋዋል፣ ረጅምና ቀዝቀዝ ያለ ወቅትም ይፈልጋል። በደቡብ አውስትራሊያ ካለው ከአደሌድ ሂልስና በቪክቶሪያ ካለው ከኪንግ ቫሊ ጥሩ ጥሩውን ቀምሻለሁ፤ ነገር ግን ቀለሙ የሳሳ፣ ታኒኑ (ከወይኑ ልጣጭና ከፍሬው የሚወጣው ንጥረ ነገር) ድድ የሚያደርቅ፣ ዋጋውም የማይቀመስ ስለሆነ ለጀማሪ አልመክረውም። በርበሬ ከበዛበት ወጥ ጋር ማቅረብማ ድርቀቱን ማባባስ ነው።

የቶስካና ግዛት ቀይ ዝርያ ሳንጆቬዜ ደግሞ በገበሬው እጅ ላይ የተመሠረተ ነው። ፍሬ ሲበዛበት ቀለሙም ጣዕሙም ስለሚሳሳ፣ ጎበዝ ገበሬ ከመብሰሉ በፊት ከፊሉን ዘለላ ቆርጦ ይጥላል። በደቡብ አውስትራሊያ፣ በማክላረን ቬል የሚገኘው ኮሪዮል የተባለ የወይን አምራች እ.ኤ.አ. በ1985 ከተከሉት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። የዚህ አገሩ ሳንጆቬዜ ከቶስካናው ይልቅ የበሰለ ቼሪ ጣዕም ያመዝንበታል፤ እኔ በምግብ ሰዓት አሁንም የቶስካናውን እመርጣለሁ።

በእኔ ግምት አውስትራሊያ በእውነት የተሳካላት በደቡብ ጣሊያን ዝርያዎች ነው። ሞቃት በሆኑት አካባቢዎች የብዙ ዝርያዎች ስኳር በፍጥነት ሲጨምር ኮምጣጣነታቸው ስለሚወርድ ጠማቂዎች አሲድ መጨመር ግድ ይሆንባቸዋል፤ የካምፓኒያው ነጭ ዝርያ ፊያኖና የሲሲሊው ቀይ ዝርያ ኔሮ ዳቮላ ግን በዚያ ሙቀት ውስጥም ኮምጣጣነታቸውን በደንብ ይይዛሉ። ሚልዱራ አካባቢ የጀመረው የቻልመርስ ቤተሰብ በርካታ የጣሊያን ዝርያዎችን አስመጥቶ ችግኛቸውን ለሌሎች አምራቾች ማዳረሱ ለዚህ ትልቅ አስተዋጽኦ አድርጓል።

የሚፈልጉት የሚፍለቀለቅ ወይን ከሆነ ወደ ኪንግ ቫሊ ይሂዱ። ቀድሞ ትምባሆ ያመርቱ የነበሩ የጣሊያን ስደተኛ ቤተሰቦች ወደ ወይን የዞሩበት ሸለቆ ሲሆን፣ የዳል ዞቶ ቤተሰብ ፕሮሴኮ የተባለውን ነጭ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1999 እዚያ ተክሏል። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ2009 ዝርያውን ግሌራ ብላ ሰይማ ፕሮሴኮን የአካባቢ መለያ (የተወሰነ አካባቢ ወይን ብቻ የሚጠራበት ስም) ካደረገችው ወዲህ በስሙ ላይ ክርክር አለ፤ ለጠጪው ግን ያው ዝርያ ነው።

ስለዚህ በማክላረን ቬል ፊያኖ ይጀምሩ። ቀጥሎ ኔሮ ዳቮላ ይግዙ፤ በበርሜል ብዙ ያልቆየውን መርጠው፣ ከመክፈትዎ በፊት ለግማሽ ሰዓት ያህል ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡት።