መልስ፦ የኮምፒውተር ክፍሉ ኢንተርኔት ሲገባለት ልጆቹን እንዴት እንጠብቅ?

ጤና ይስጥልኝ። ልጅዎ የሚማርበት የጅማ ትምህርት ቤት ለኮምፒውተር ክፍሉ ኢንተርኔት ሊያስገባ መሆኑን ገልጸው፣ የ5ኛ ክፍል ልጆች በምን እንደሚጠበቁ ጠይቀዋል። እኔም እዚሁ ጅማ ኮምፒውተር ስለማስተምር ከሥራዬ የማውቀውን ልመልስልዎ።

በቅድሚያ የራውተሩ (ኢንተርኔቱን ለኮምፒውተሮቹ የሚያከፋፍለው መሣሪያ) ዲኤንኤስ፣ ማለትም የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉመው አገልግሎት፣ ወደ 1.1.1.3 እና 1.0.0.3 እንዲቀየር ይጠይቁ፤ ይህ ክላውድፍሌር የተባለው የኢንተርኔት ድርጅት ነፃ አገልግሎት የብልግና ይዘት ያላቸውንና ቫይረስ የሚያሰራጩ ድረ ገጾችን በክፍሉ ላሉ ኮምፒውተሮች ሁሉ ያግዳል። ሆኖም ቪፒኤን (ግንኙነቱን በሌላ መንገድ የሚያሳልፍ ፕሮግራም) የጫነ ተማሪ ያልፈዋል፤ በቻት የሚያባብል ሰውንም አያስቆምም።

ስለዚህ ከማጣሪያው ይልቅ የምተማመነው በጠረጴዛዎቹ አቀማመጥ ነው። ጠረጴዛዎቹን ከግድግዳው አስጠግተን ስክሪኖቹን ወደ ክፍሉ መሃል ካዞርን ወዲህ፣ በሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም አያለሁ፤ አንድ ተማሪ ቴሌግራሙን ሳይዘጋ ወጥቶ ተከታዩ ልጅ በእሱ ስም ስድብ ሲጽፍ የደረስኩበትም በዚሁ ነው። (ሁለቱም ደንግጠው ነበር፤ እኔም ጭምር።)

ልጅዎ የሚያስፈራ መልእክት ከደረሰው ግን፣ ተቆጥተው ከማስጠፋትዎ በፊት ስክሪኑን ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ በኮምፒውተር አማካይነት ለወሲብ ማባበል በአዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል በመሆኑ፣ ፖሊስ ዘንድ ሲሄዱ ያ ፎቶ ያስፈልግዎታል።