መልስ፦ ከጋቢ የሕፃን መጠቅለያ ስለ መስፋት

ሰላም እህቴ፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ። ከእናትሽ ጋቢ ለሚወለደው ልጅሽ መጠቅለያ፣ ኮፍያና ጓንት ልሰፋ ነው፣ ከየት ልጀምር ብለሻል።

መጀመሪያ እጠቢው፣ ከዚያ ቁረጪው። ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ጥለት ካለው በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ፈትገሽ እዪው፤ ቀለም ከለቀቀ ጥለቱን ተዪው።

ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ለመጠቅለያ ይከብዳል። ሁለት ሁለቱን ለይተሽ ብትሰፊው ቀለል ያለ ይወጣልሻል። ለአራስ 90 በ90 ሴንቲ ሜትር ይበቃል።

ዋናው ነገር ዘርፉ ነው። ያምራል፣ አውቃለሁ። ግን የላላ ክር የሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም እንዳይዘዋወር ሊያደርግ ይችላል። እባክሽ ቁረጪውና ጫፉን አጥፈሽ ስፊው። ጓንቱንም ገልብጠሽ ውስጡን እዪ፤ አንድም የተንጠለጠለ ክር አይኑር። ኮፍያው ላይ አገጭ ሥር የሚታሰር ገመድ አታድርጊ፣ ቁልፍም አትስፊበት። ለሱ የሚለጠጥ የቲሸርት ጨርቅ ከጋቢው ይሻላል።

ስትጠቀልይው ከወገቡ በታች ላላ ይበል፣ እግሩን አጥፎ እንዲከፍት። እግሩን ቀጥ አድርጎ ማሰር ዳሌውን ይጎዳዋል። ሁልጊዜ በጀርባው አስተኚው፤ ቤት ውስጥ ሲተኛ ኮፍያውን አውልቂለት፣ ፊቱ አጠገብም ልቅ ጨርቅ አይኑር። ለመገልበጥ መሞከር ሲጀምር መጠቅለሉን አቁሚ።

ከቁራጩ የለሃጭ ጨርቅ ይወጣል። አንገቱ ላይ በቬልክሮ፣ ማለትም ተጭኖ በሚጣበቅ ማሰሪያ አድርጊው፣ ሲጎተት ቶሎ እንዲለቅ።