ለ44 ማግነም ጥይት በገዛ እጅ ስለ መሙላት፦ ዳላስ ላለው ወንድማችን

ቡድናችን ውስጥ የለጠፍከውን ጥያቄ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለከርከሮ አደን ባለ 44 ማግነም ሪቮልቨር ገዝተሃል፤ የሱቅ ጥይት ኪስህን አራቁቶታል፤ ቀለህ አጠራቅመህ፣ እርሳስም አቅልጠህ ራስህ መሙላት አስበሃል፤ በዚያ ላይ «ከሱቁ የበለጠ ኃይለኛ አድርጌ እንዴት ልሥራው?» ትላለህ። ከርከሮውን ማን እንደሚበላው አልጠይቅህም። በቆሎው የወደመበት ገበሬ ግን ሳይመርቅህ እንደማይቀር እገምታለሁ።

እኔ አሁን የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ጥይት የሞላሁት ኮሎራዶ በኖርኩባቸው 17 ዓመታት ሲሆን፣ ስመለስ ዕቃዬን በሙሉ እዚያው ለአንድ ወዳጄ ትቼለት መጥቻለሁ። እዚህ የጦር መሣሪያ ነገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ነው፤ ስለዚህ አገር ቤት ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ወንድሞች እንደ ጨዋታ አንብቡት እንጂ ጓዳ ውስጥ እንዳትሞክሩት።

መጀመሪያ «ኃይለኛ» የሚለውን ቃል ተወው። ይህ ጥይት ከልደቱ ጀምሮ ኃይል የጠገበ ነው። ኤልመር ኪት የሚባል የአይዳሆ ከብት አርቢና አዳኝ፣ 44 ስፔሻል የተባለውን እ.ኤ.አ. የ1907 ጥይት ለዓመታት ከልኩ በላይ ሲሞላና ሲተኩስ፣ ስለዚያም ሲጽፍ ኖረ። በመጨረሻ ሬሚንግተን ጥይቱን፣ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሽጉጡን ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1955 ማብቂያ 44 ማግነምን አወጡ። ቀለሁን 3 ሚሊሜትር ያህል ያስረዘሙትም እንዲያው አይደለም፤ አዲሱ ጥይት በአሮጌው ሽጉጥ ውስጥ ገብቶ እንዳይፈነዳ ብለው ነው። የተለመደው አረር 240 ግሬን፣ ማለትም 15 ግራም ተኩል ይመዝናል። በ40 እና በ50 ሜትር ርቀት በትክክል ሳንባውን ካገኘው ለየትኛውም ከርከሮ ይበቃል። ካላገኘው ደግሞ ባሩድ ብትጨምርበት አያገኘውም።

አያቴ ውጅግራ ነበረው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ያወጡት ባለ 11 ሚሊሜትር ጠመንጃ ነው፤ ያንተ ሽጉጥ አፉ 10.9 ሚሊሜትር ስለሆነ በስፋት ወንድማማቾች ናቸው ማለት ይቻላል። አያቴ ቀለህ አይጥልም ነበር። ተኩሶ ቀለሁን ሳያነሣ የሄደ ሰው ለእርሱ በሬውን ሜዳ ላይ ጥሎ የገባ ማለት ነበር። ልጅ ሆኜ እርሳስ በብረት ጭልፋ ሲያቀልጥ፣ አመዱን በእንጨት ገፈፍ አድርጎ ቅርጽ ውስጥ ሲያፈስ አይቻለሁ። ጥቁሩን ባሩድ ግን ሲመዝን አላየሁም፤ እስከ አፉ ሞልቶ አረሩን ይጫንበት ነበር። ጥቁር ባሩድ ቀለሁን ስለሚሞላው ሁለት ጊዜ ልጨምር ብትል እንኳ ቦታ የለውም። የቡና ሲኒ ላይ ሁለተኛ ብትቀዳ ወደ ጠረጴዛው እንደሚፈስ ማለት ነው።

ያንተ ጭስ አልባ ባሩድ ግን እንዲህ አይደለም። ፈጣን ከሆነው ዓይነት ልኩ የቀለሁን ሲሶ እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ሁለት ጊዜ ቢጨመርበት ከላይ አረሩን ገጥመህ ምንም ሳታውቅ ትሄዳለህ። ይህ ነው ሰው የሚጎዳው። ደግሞ ይህን አንብቦ ጭስ አልባ ባሩድ በአያቱ ውጅግራ ላይ ሊሞክር የሚያስብ ካለ፣ እባኩን ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለ ይተወው።

የእኔ ጉዳይ የደረሰው በሁለተኛው ዓመቴ ነው። ዩኒክ የሚባለውን ባሩድ እጠቀም ነበር። 50 ቀዳዳ ባለው እንጨት ላይ ቀለሆቹን ደርድሬ አንድ በአንድ እየሰፈርኩ ሳለ ስልክ ጮኸ። ነሐሴ ነበር፤ እዚያ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ እዚህ ደግሞ ሊነጋጋ ሲል። እናቴ ናት፤ የፍልሰታ ቅዳሴ ልትሄድ ነጠላዋን እየለበሰች ደወለች። ሃያ ደቂቃ አወራን። ተመልሼ ካቆምኩበት ቀጠልኩ፤ «ካቆምኩበት» የመሰለኝን ማለቴ ነው። ያስተማረኝ ሽማግሌ ጎረቤቴ አረር ከመግጠም በፊት የእጅ ባትሪ ይዘህ ሁሉንም ከላይ ተመልከት ይለኝ ስለነበር፣ ያንን እንደ ጸሎት አደርገው ነበር። በሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዷ ቀለህ ውስጥ ባሩዱ ወደ ላይ ቀርቦ ታየኝ። ገልብጬ ብመዝነው ልክ እጥፍ ነው። ሃምሳውንም ገልብጬ ወደ ዕቃው መለስኩና መብራቱን አጥፍቼ ተኛሁ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ቀየርኩ። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጣለሁ፤ ባሩድ ደግሞ የምመርጠው በፍጥነቱ ወይም በርካሽነቱ ሳይሆን በግዝፈቱ ነው። ቀለሁን አብዝቶ የሚሞላ፣ እጥፍ ቢገባ ፈስሶ የሚያሳጣኝ መሆን አለበት። ለ44 ማግነም 2400 የሚባለውና ኤች 110 የሚባለው እንዲህ ናቸው፤ በተለይ ሁለተኛው። ነገር ግን በኤች 110 ላይ አንድ ብዙ ጀማሪ የማያውቀው ነገር አለ፤ መቀነስም አደጋ ነው። በጥቂት ጀምረህ ወደ ላይ ውጣ የሚለው የተለመደ ምክር ለእርሱ አይሠራም። አምራቹ ከተጻፈው ልክ ከ3 በመቶ በላይ አትቀንሱ ይላል። ሲያንስበት በቅጡ አይቀጣጠልም፤ አረሩም በርሜሉ መካከል ሊቀር ይችላል። ድምፁ ደከም ያለ ተኩስ ከሰማህ ሁለተኛ ቃታ አትሳብ፤ ሽጉጡን አራግፈህ በርሜሉን ተመልከት። ዊንቸስተር 296 ብለው የሚሸጡትም በሌላ ስም ያው ነው። የማግነም ፕራይመር፣ ማለትም መርፌው የሚመታት የቀለሁ ቂጥ ላይ ያለችው ቆብ ኃይለኛዋ ዓይነት፣ ለኤች 110ም ለ296ም ያስፈልጋል። ልኩን ከእኔ አትጠይቅ፤ ከማንም የቡድናችን አባልም አትቀበል፤ ባሩዱን የሠራው ድርጅት የሚያሳትመውን መጽሐፍ ገዝተህ የያዝከው አረር ክብደት ያለበትን መስመር ፈልግ።

ስለ ባሩድ መስፈሪያው፦ የሚሰፍረው በመጠን እንጂ በክብደት አይደለም። ገበያ ጤፍ ስትገዛ ቁናውን የምትነቀንቀው ሴትና ዝም ብላ የምትቀዳው እኩል አይሰጡህም። እዚህም እጀታውን አንዴ ቀስ ብለህ፣ አንዴ መታ አድርገህ ከሳብከው ልኩ ይለያያል። እጅህን አንድ ዓይነት አስለምደው፣ በየአሥሩ ደግሞ አንዱን ሚዛን ላይ አውጣው።

አሁን የሪቮልቨር ብቻ ወደሆነው ነገር ልምጣ፤ ብዙዎቹ መልሶች ይህን ዘለውታል። ሽጉጡ ሲራገጥ ከበሮው፣ ማለትም ጥይቶቹን ይዞ የሚዞረው ክፍል፣ ውስጥ የቀሩት ጥይቶች ቀለሃቸው ወደ ኋላ ይሳባል፣ ከባዱ አረር ግን ባለበት ሊቀር ይፈልጋል። የቀለሁ ከንፈር በደንብ ካልያዘው አረሩ ቀስ በቀስ ወደ ፊት ይሾልካል። እኔ አጋዘን አጠገብ ነው ያገኘኝ። የመጀመሪያው ተኩስ ዝቅ አለብኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሁለተኛው ሳተ። ሦስተኛውን ልተኩስ ስል ከበሮው አልዞር አለ። ጎንበስ ብዬ ብመለከት አንዱ አረር ከከበሮው ፊት የጥፍር ውፍረት ያህል ወጥቶ ከበርሜሉ የኋላ ጫፍ ጋር ተጋጥሟል። አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጌ፣ በቀጭን እንጨት ገፍቼ እስካስገባው ድረስ የቆሰለው አጋዘን ጫካ ገብቶ፣ እስኪመሽ ደሙን ስከተል ዋልኩ። አገኘሁት፤ ግን በዚያ ቀን ስጋ አላማረኝም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። አረሩ ወገቡ ላይ ጎድጓዳ መስመር ያለው ይሁን፤ የቀለሁ ከንፈር እዚያ ውስጥ ተጠቅልሎ እንዲታጠፍ ዳዩን፣ ማለትም ቀለሁን ቅርጽ የሚያስይዘውን መሣሪያ፣ አስተካክለው። ይህ እንዲሆን ቀለሆቹ ርዝመታቸው እኩል መሆን አለበት፤ ረዥሙ አብዝቶ ይታጠፋል፣ አጭሩ ጭራሽ አይዝም። ከዚያ ስድስት ሞልተህ የአንዱን ርዝመት በካሊፐር፣ ማለትም ጥቃቅን ርዝመት በሚለካው መሣሪያ፣ ለካ፤ እርሱን ትተህ አምስቱን ተኩስ፤ ከዚያ መልሰህ ለካው። ከረዘመ ለአደን አትውጣበት።

ፕራይመሯንም በጣትህ ዳብሳት። ከቀለሁ ቂጥ በላይ ብቅ ካለች ከበሮው ሊቆለፍ ይችላል።

ዕቃን በተመለከተ አንድ በአንድ የምትሠራውን ፕሬስ፣ ማለትም የጥይት መሙያ መጫኛ፣ ግዛ፤ በሰዓት ብዙ መቶ የሚያወጣው ለጀማሪ አይሆንም፣ ምክንያቱም ውስጡን ለማየት ጊዜ አይሰጥህም። ዳዩ ካርባይድ ከሚባለው በጣም ጠንካራ ነገር የተሠራ ይሁን፣ ቀለሁን ቅባት ከመቀባት ያድንሃል። ገንዘብ እቆጥባለሁ ካልክ ግን ለባለቤትህ አስቀድመህ አትንገራት። እኔ የአንዱ ጥይት ዋጋ ሲረክስ የምተኩሰው በዛ እንጂ ወጪው አልቀነሰም።

እርሳስ የማቅለጡን ሐሳብ ለሚቀጥለው ዓመት አሳድረው። አያቴ በጭሱ መካከል ቁጭ ብሎ ቆሎ ይበላ ነበር፤ እርሳስ መርዝ ነውና እርሱን አትከተል።

የመጀመሪያዎቹን ሃምሳ ስትጨርስ፣ ከመተኮስህ በፊት የአንዱን ከንፈር በቅርበት ፎቶ አንሣና እዚህ ለጥፈው። አንተ ማታ ላይ ብትለጥፈው እዚህ ስለሚነጋ፣ ቡናዬን ይዤ አየዋለሁ።