የፕሮስቴት ካንሰርና ኤምአርአይ፦ ጥያቄና መልስ

የፕሮስቴት ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሣ) ምስሎችን ማንበብ የዘወትር ሥራዬ ነው። ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች እንደሚከተለው መልሻለሁ፤ የእያንዳንዱ ሰው ውሳኔ ግን ከሐኪሙ ጋር የሚደረግ ነው።

ጥያቄ፦ ፒኤስኤዬ (ፕሮስቴት የሚያመነጨው፣ በደም የሚለካ ፕሮቲን) 6.2 ሆነ። ሐኪሜ በቀጥታ ከፕሮስቴቱ በመርፌ ናሙና ከመውሰድ ይልቅ ኤምአርአይ ያዘዘልኝ ለምንድን ነው?

መልስ፦ ፒኤስኤ በካንሰር ብቻ ሳይሆን በዕድሜ በሚመጣ የፕሮስቴት ማደግና በኢንፌክሽንም ይጨምራል፤ ችግሩ የት እንዳለም አያሳይም። ቀደም ሲል በአልትራሳውንድ እየተመሩ ከተለመዱ ቦታዎች ከ10 እስከ 12 ናሙና ይወሰድ ስለነበር፣ መርፌው አደገኛውን ስቶ ምንም ጉዳት የማያደርሰውን ትንሽ ካንሰር የሚያገኝበት ጊዜ ብዙ ነበር። በ2017 የታተመው ፕሮሚስ የተባለው ጥናት 576 ወንዶችን በሁለቱም መንገድ መርምሮ፣ ኤምአርአይ ሕክምና ከሚያሻው ካንሰር 93 በመቶውን ሲጠቁም በአልትራሳውንድ የተመራው ናሙና ያገኘው 48 በመቶውን ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ሆኖም ኤምአርአይ አጠራጣሪ ካላቸው ብዙዎቹ አደገኛ ካንሰር አልነበረባቸውም፤ ስለዚህ ምስሉ መርፌው የት እንደሚገባ ይመራል እንጂ ናሙናውን አይተካም።

ጥያቄ፦ ካንሰሩ በምስሉ ላይ ምን ይመስላል?

መልስ፦ አብዛኛው የፕሮስቴት ካንሰር የሚነሣበት የውጭው ክፍል ብዙ ፈሳሽ ስላለው ቲ2 በሚባለው ምስል ላይ ነጣ ብሎ ይታያል፤ ካንሰሩ በዚያ ንጣት ውስጥ እንደ ጥቁር ነጥብ ይለያል። ሁለተኛው ምስል የውኃን እንቅስቃሴ ይለካል፦ የካንሰር ሕዋሳት ተጨናንቀው ስለሚያድጉ በመካከላቸው ያለው ውኃ እንደ ልብ አይንቀሳቀስም። ከሁሉ የሚያስቸግረኝ የመሃሉ ክፍል ነው፤ ካንሰር ያልሆኑ እባጮችም እዚያ ይጠቁራሉ። እባጩ ዙሪያው በቀጭን መስመር የታጠረ ከሆነ እረጋጋለሁ፤ በከሰል ተሥሎ በጣት እንደታበሰ ነገር ጠርዙ የደበዘዘ ከሆነ ግን እጠራጠራለሁ።

ጥያቄ፦ ውጤቴ ላይ «ፒራድስ 3» የሚል ተጽፏል። ሦስተኛ ደረጃ ካንሰር ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ይህን ብዙ ሰዎች ተሳስተው በከንቱ ሲጨነቁ አያለሁ። ፒራድስ ከ1 እስከ 5 የሚሄድ የጥርጣሬ መለኪያ እንጂ የካንሰር ደረጃ አይደለም፤ 3 ማለት ምስሉ ወደ የትኛውም አላዘነበለም ማለት ነው። እዚህ ላይ የፕሮስቴቱ መጠን ይረዳል። ርዝመቱ 5፣ ወርዱ 4.8፣ ውፍረቱ 4.2 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ሦስቱን አባዝተን በ0.52 ስናበዛው 52 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል፤ የፒኤስኤው 6.2 ለ52 ሲካፈል 0.12 ይመጣል። ብዙ ሐኪሞች 0.15ን እንደ ወሰን ስለሚይዙና 0.12 ከዚያ በታች ስለሆነ፣ ይህ ቁጥር ከቤተሰብ ታሪክና ሐኪሙ ፕሮስቴቱን በጣት ዳስሶ ከሚያደርገው ምርመራ ጋር ተገናዝቦ ናሙና መውሰዱን ለማዘግየት ሊያበቃ ይችላል።

ጥያቄ፦ ኤምአርአዩ 11 ሚሊ ሜትር ያለው ካንሰር ፕሮስቴቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ 17 ሆኖ ተገኘ። አንባቢው ተሳስቶ ነውን?

መልስ፦ የግድ አይደለም። የካንሰሩ ጠርዝ በጤናማው ሥጋ መካከል በስሱ ሲሰራጭ ምስሉ ላይ ጥላ ስለማይጥል፣ ኤምአርአይ በአብዛኛው ከእውነተኛው መጠን አሳንሶ ያሳያል። ስለዚህ ሪፖርት ላይ ያለውን ልኬት «ቢያንስ ይህን ያህል» ብዬ አነብበዋለሁ፤ ካንሰሩን ብቻ ለይተው የሚያክሙ ሐኪሞችም በምስሉ ከሚታየው ጠርዝ አልፈው ያክማሉ። በክትትል ላይ ላሉ ደግሞ፣ በሁለት ምርመራዎች መካከል የሚታይ የ1 ወይም የ2 ሚሊ ሜትር ልዩነት ብቻውን ካንሰሩ አድጓል አያሰኝም፤ በተመሳሳይ የምስል ዓይነትና አቅጣጫ መለካቱን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያሻል።

ጥያቄ፦ አባቴ ናሙና ከተወሰደላቸው ሦስት ሳምንት ሆናቸው። አሁን ኤምአርአይ ቢነሡ ይሆናል?

መልስ፦ አስቸኳይ ካልሆነ ቢቆዩ ይሻላል። መርፌው ያደማው ቦታ ካንሰር ሊመስል ወይም ካንሰሩን ሊሸፍን ስለሚችል ቢያንስ ስድስት ሳምንት መጠበቅ የተለመደ ነው። የልብ ምት መቆጣጠሪያ ወይም ሌላ ብረት በሰውነታቸው ካለ አስቀድመው ይንገሩ። ፊንጢጣ ውስጥ ያለ አየር የውኃውን እንቅስቃሴ የሚያሳየውን ምስል ስለሚያጣምም፣ ከምርመራው በፊት ቢጸዳዱ ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ኤምአርአዩ ንጹሕ ከሆነ ነፃ ነኝ ማለት ነው?

መልስ፦ አደገኛ ካንሰር የመኖሩ ዕድል በእጅጉ ይቀንሳል፤ ሆኖም ምስሉ የማያሳየው ካንሰር ስላለ የፒኤስኤ ክትትሉ መቋረጥ የለበትም።