የአንባቢያን ጥያቄ፦ ከበሮው ሲገባ ለምን ይደበላለቃል?

ጥያቄ፦ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ለጥር 11 ወረብ (በበዓል ከንቅናቄ ጋር የሚቀርብ የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ) እያጠናን ነው። ከበሮው ሲገባ ሁሉ ነገር ይደበላለቃል፤ መቋሚያው (የዘማሪው ዘንግ) ወደ ቀኝ ሲባል ግማሹ ልጅ ወደ ግራ ይሄዳል። (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ ለጊዜው ከበሮውን አስቀምጡት። በአቋቋም ሥርዓት (ዜማን ከንቅናቄና ከመሣሪያ ጋር በሚያስኬደው ትምህርት) ዜማው መጀመሪያ ያለ መሣሪያ በቁም ይዜማል፤ ቀጥሎ መቋሚያ ብቻ ተይዞ ይዘመማል፤ ማለትም መቋሚያውን እያወዛወዙ ይዜማል። ጸናጽልና ከበሮ የሚገቡት ከዚያ በኋላ ነው፤ በንዑስ መረግድ (በዝግታው ምት) ተጀምሮ፣ በዓቢይ መረግድ አልፎ፣ እየፈጠነ ጽፋት (እጅግ ፈጣኑ ምት) ላይ ይደርሳል። በበዓል ቀን ዓይን የሚስበው ጽፋቱ ስለሆነ ብዙዎች ጥናቱን ከመጨረሻው ይጀምራሉ።

ቀኝና ግራው የሚምታታው ሁለቱን ረድፍ ፊት ለፊት አቁማችሁ ስለምታስጠኑ ይመስለናል። ከወዲያ የቆመው ቀኙን ሲያነሣ ከወዲህ ላለው ግራ ሆኖ ይታየዋል። መጀመሪያ ሁሉም በአንድ ረድፍ ይቁም፤ መሪውም ጀርባውን ሰጥቶ ከፊት ይዝመም። የጎረቤቱን መቋሚያ እያየ የሚዘም ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ ይዘገያል፤ ንቅናቄው የሚነሣው ከዜማው ቃል ስለሆነ የዜማውን ቃል በቃሉ ይያዝ። ሁለት ረድፍ ሆናችሁ መተያየት የምትጀምሩት ከዚህ በኋላ ነው። መቋሚያውም በልጁ ቁመት ይቆረጥ፤ የአዋቂው ረጅም ነውና ክንዱን ያዝለዋል፣ ጎረቤቱንም ይመታል።

ከበሮው ሲመለስ መሬት ላይ ተቀምጦ ይመታ፤ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ሲፈጥን ነው። መቺው ድምፁን ይከተል እንጂ አይቅደም። ንዑስ መረግዱን ካጣደፈው ለጽፋቱ የሚቀር ፍጥነት የለም፤ ቃሉም ይዋጣል።

አንድ ነገር እንጨምር። የጎንደር ላይ ቤት፣ ታች ቤትና ተክሌ የሚባሉት የአቋቋም ስልቶች የየራሳቸው አካሄድ አላቸው። ዝማሜውን ከአንድ ቪዲዮ፣ መረግዱን ከሌላው ከወሰዳችሁ አይገጥምም። አንድ መሪጌታ ይዛችሁ በእርሳቸው ስልት ሂዱ።

ጥያቄ፦ ንቅናቄው ምን ያመለክታል? ጸናጽላችን ያለው አራት ቅጠል (የሚንሿሿ ቀጭን ብረት) ብቻ ነው፤ ስሕተት ይሆን?

መልስ፦ ወደ ቀኝና ወደ ግራ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚደረገው ዝማሜ ጌታ በሕማማቱ ጊዜ መገፋቱንና መንገላታቱን ያስታውሳል። የከበሮው ሰፊ አፍ የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት (ሰው የመሆኑ) ምሳሌ ነው፤ በዙሪያው የተወጠረው ጠፍር የግርፋቱን ሰንበር ያሳያል። የጸናጽሉ ግራና ቀኝ ዘንግ ብሉይና ሐዲስ ሲሆኑ፣ አግዳሚዎቹ ያዕቆብ በሎዛ ያየው መሰላል ናቸው።

አምስት ቅጠል ሲሆን አምስቱ አዕማደ ምሥጢር (የሃይማኖቱ መሠረታዊ ትምህርቶች) ይባላል። የቅጠሉ ቁጥር ግን ከአንጥረኛ አንጥረኛ ይለያያል፤ አራት ነው ብላችሁ ደህናውን ጸናጽል አትጣሉት። ይልቅ ቅጠሉ በአግዳሚው ላይ በነፃነት መንሸራተቱን እዩ፤ ከተጣመመ ድምፁ ይታፈናል።

ጥያቄ፦ በዐቢይ ጾምስ?

መልስ፦ ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ ጾመ ድጓው (የዐቢይ ጾም ዜማ) በመቋሚያ ይዘመማል። ዝማሜ ለማጥናት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ከበሮውን ደረቅ ቦታ አስቀምጡት፤ እርጥበት ያገኘው ቆዳ ይላላል፣ ድምፁም ይደፈናል። ለፋሲካ ስታወጡት ፀሐይ ላይ ጥቂት ይቆይ እንጂ ወደ እሳት አታስጠጉት፤ ቆዳው ይሰነጠቃል።