ዘበኛው የጻፋት አንዲት መስመር

ልጆች፣

ባለፈው ሰሞን የወንድሜ ልጅ «ጋሼ፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ሲወርድ እዚሁ አሜሪካ ነበርክ አይደል? ያኔ ይብስ ነበር ወይስ አሁን?» አለኝ። ቡና እየጠጣን ነበር። ቶሎ መልስ አጣሁለት። ይኸው በጽሑፍ ልመልስለት ብዬ ተቀመጥኩ፤ እግረ መንገዴን ለእናንተም። ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ወደ ዋሽንግተን የመጣሁት በ1972 መጨረሻ ላይ ነው፣ ለትምህርት። ማታ ማታ ፓርኪንግ እሠራ ነበር (ፓርኪንግ ሳይሠራ የተማረ ሐበሻ ያኔ ስንት ነበር?)። በኋላ አካውንቲንግ ተማርኩና ከሠላሳ ዓመት በላይ በኦዲተርነት ሠራሁ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ምርጫ በመጣ ቁጥር ምርጫ አስፈጻሚ ሆኜ እቀመጣለሁ። ስለዚህ ከኔ የፖለቲካ ትንታኔ አትጠብቁ። እኔ የማውቀው ደረሰኝ መፈለግ ነው።

ኒክሰንን ያወረደው የዋተርጌት ቅሌት ሲነሳ ሁሉም ሰው ነገሩን የተከታተሉትን ጋዜጠኞች ያነሳል። ልክ ነው፣ ሥራቸውን ሠርተዋል። እኔ ግን ሁልጊዜ የምጀምረው ከዘበኛው ነው። ፍራንክ ዊልስ ይባላል። 24 ዓመቱ ነበር፣ ደመወዙ በሳምንት 80 ዶላር። ጁን 17 ቀን 1972 ሌሊት ዋተርጌት ሕንፃ ውስጥ ሲዘዋወር፣ አንድ በር እንዳይቆለፍ ምላሱ ላይ ፕላስተር ተለጥፎበት አገኘ። የጽዳት ሠራተኞች ይሆናሉ ብሎ አነሳውና ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ ፕላስተሩ እንደገና ተለጥፏል። ያኔ ፖሊስ ጠራ። የሥራ መዝገቡ ላይም በር ላይ ፕላስተር ማግኘቱንና ፖሊስ መጥራቱን ከነሰዓቱ ጻፈ። ያቺ ገጽ ዛሬ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ ተቀምጣለች።

ፖሊስ ሲደርስ የኒክሰን ተፎካካሪ በነበረው በዲሞክራቲክ ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ውስጥ አምስት ሰዎች ተያዙ። አንደኛው የኒክሰን ምርጫ ኮሚቴ የጥበቃ ኃላፊ ነበር። ከነሱም ከሆቴል ክፍላቸውም ቁጥራቸው ተከታታይ የሆነ የመቶ ዶላር ኖቶች ተገኙ። እዚህ ላይ ነው የኔ ሙያ የሚገባው። ተከታታይ ቁጥር ያለው ብር ከሰው ኪስ አይመጣም፣ ከባንክ ነው። ከተያዙት የአንዱ ማያሚ ያለ ሒሳብ ሲፈተሽ 25,000 ዶላር የሆነ አንድ ቼክ ተገኘ። በሜክሲኮ በኩል ዞረው የመጡ ሌሎች አራት ቼኮችም ነበሩ፣ ድምራቸው 89,000። ሁሉም ለፕሬዚዳንቱ ምርጫ የተዋጣ ገንዘብ ነበር።

አሁን ቀኑን ልብ በሉ። ሰዎቹ ከተያዙ ስድስት ቀን ብቻ ሆኖ ነበር፣ ጁን 23። ኒክሰን ከጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ጋር ቢሮው ተቀምጦ፣ የስለላ ድርጅቱ ሲአይኤ ጣልቃ ገብቶ ጉዳዩን የሚመረምረውን ኤፍቢአይን «ይህን ነገር ተወው» እንዲለው ተስማማ። ለምን? ኤፍቢአይ የገንዘቡን ዱካ እየተከተለ ስለነበረ ነዋ። ይህ ሁሉ በራሱ መቅጃ ማሽን ተቀድቷል። ቅጂው ለሕዝብ የወጣው ኦገስት 5 ቀን 1974 ነው። በአራተኛው ቀን ኒክሰን ሥልጣን ለቀቀ።

እኛ አገር «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል። ይሄ ተረት ለዋተርጌት አይሆንም። ሰውዬው ጠግቦ ነበር። በኖቬምበር 1972 ምርጫ ከ50 ክፍለ ግዛቶች 49ኙን አሸንፏል። መስረቅ የማያስፈልገው ሰው ነው ያሰረቀው ወይም የተሰረቀውን የሸፈነው። ብዙ ማጭበርበር በሒሳብ መዝገብ ላይ አይቻለሁ፤ የቸገረው ሰው ከሰረቀው ይልቅ «እኔን ማን ይጠይቀኛል» ያለው ሰው የሰረቀው ይበዛል።

በሜይ 1973 ጃንሆይ ዋሽንግተን መጡ፣ ኒክሰንንም አገኟቸው። እነሱ በተለያዩ በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ቀን የሴኔቱ ምርመራ በቴሌቪዥን ጀመረ። ቀን የተላለፈው ማታ ይደገም ስለነበር እኔም ፓርኪንግ ዳስ ውስጥ በትንሽ ቴሌቪዥን እከታተል ነበር። መኪና ለመውሰድ የሚመጡ ሰዎች ሁሉ ቆመው ያዩ ነበር። ኦክቶበር ላይ ኒክሰን ጉዳዩን የያዘው ልዩ ዐቃቤ ሕግ እንዲባረር አዘዘ። የፍትሕ ሚኒስትሩ «አላደርገውም» ብሎ ለቀቀ። ምክትሉም እንዲሁ። ሦስተኛው ሰው አባረረ። ግን ምርመራው አልቆመም፣ ሌላ ዐቃቤ ሕግ ተሾመ። በጁላይ 1974 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ 0 በሆነ ድምፅ ቅጂዎቹን አስረክብ አለው። ከስምንቱ ሦስቱን የሾማቸው ራሱ ኒክሰን ነበር።

ኒክሰን በሄሊኮፕተር በወጣ በወሩ ጃንሆይ በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት ወጡ። እኔ እዚህ ሆኜ ሁለቱንም በሬዲዮ ሰማሁ። እኛም አገር እኮ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። የወሎን ረሃብ የሸፈኑት እነማን ናቸው፣ ገንዘቡስ የት ገባ፣ ብሎ የድሮ ባለሥልጣኖችን እየጠራ ይጠይቅ ነበር። ሥራውን ሳይጨርስ በኖቬምበር 1974 አንድ ሌሊት ስልሳ ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ጥፋተኛው የቱ፣ ንጹሑስ የቱ እንደነበር ከነሱ ጋር ተቀበረ። ይኸው ሃምሳ ዓመት አልፎት ቡና ላይ እንጨቃጨቃለን። አሜሪካኖቹ ስለ ኒክሰን ይህን ያህል አይጨቃጨቁም። ቅጂውን ከፍቶ መስማት ይቻላላ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን። ንጋቱ ብቻውን ይጠራል። እውነት ግን እያደር የሚጠራው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሲያጠራው ነው።

አሁን ወደ ቅርቡ ልምጣ። ራሴንም ላጋልጥ።

በማርች 2016 የሂላሪ ክሊንተን ምርጫ ዘመቻ ሊቀ መንበር ለነበረው ለጆን ፖዴስታ ከጉግል የመጣ የሚመስል ኢሜይል ደረሰው። የይለፍ ቃልህን ቀይር ይላል። የኮምፒውተር ባለሙያውን ጠየቁት። እሱም «ሕጋዊ ኢሜይል ነው» ብሎ መለሰ። በኋላ ሲጠየቅ «ሕጋዊ አይደለም» ለማለት ፈልጌ ሁለት ፊደል ዘለልኩ አለ። በእንግሊዝኛው ልዩነቱ ሁለት ፊደል ነው። እውነተኛውን የጉግል አድራሻም አብሮ ልኮላቸው ነበር፤ የተነካው ግን የውሸቱ ሆነ። በዚያች ሊንክ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢሜይሎች ተወሰዱ። በ2018 የወጣው ክስ 12 የሩሲያ ወታደራዊ ስለላ መኮንኖችን በስም ይጠራል። የአንድ ክፍለ ግዛት የምርጫ ቦርድ ድረ ገጽ ውስጥ ገብተው የ500,000 ያህል መራጮችን መረጃ መውሰዳቸውንም ይገልጻል። የተሰጠ ድምፅ ተቀየረ የሚል ማስረጃ ግን አልተገኘም። እነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አብረው እውነት ናቸው። ሰው ግን አንዱን ብቻ ነው የሚይዘው፣ እንደ ወገኑ።

እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ሮበርት ሙለር የሩሲያን ጣልቃ ገብነትና ከፕሬዚዳንት ትራምፕ ዘመቻ ጋር ግንኙነት ነበረው ወይ የሚለውን እንዲያጣራ በሜይ 2017 ልዩ መርማሪ ሆኖ ከተሾመ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ በየለቅሶው በየሠርጉ «ነገ ያስራቸዋል፣ እዩት» ስል ከረምኩ። ኦዲተር ነኝ እኮ! ማስረጃ ሳላይ ፈረምኩ ማለት ነው። ከማን ሰማህ ብትሉኝ «አሉ» ነው መልሴ። አማርኛችን እዚህ ላይ ያመቻል። «አሉ» ብትሉ ማን እንዳለ ማንም አይጠይቃችሁም። አሉባልታ የሚለው ቃል ራሱ ከዚያው ይጀምራል።

ሪፖርቱ በማርች 2019 ተጠናቀቀ። መጀመሪያ ሕዝቡ ያየው የፍትሕ ሚኒስትሩን የአራት ገጽ ደብዳቤ ነበር። አራት ሳምንት ያህል አገሩ ሁሉ በዚያች አራት ገጽ ተሰዳደበ። ዋናው ሰነድ 448 ገጽ ነው። እንዳይነበብ የተከለከለው ቦታ ጥቁር ቀለም ተቀብቶበት ወጣ። እኔም በራሴ አፍሬ ስለነበር አተምኩትና ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። ያን ስል የነበርኩት ነገር እዚያ ውስጥ የለም። የትራምፕ ደጋፊዎች «ሁሉም ፈጠራ ነው» ያሉትም የለም። የሩሲያ ጣልቃ ገብነት በዝርዝር አለ። 34 ሰዎችና 3 ኩባንያዎች ተከሰዋል። የፕሬዚዳንቱ ዘመቻ ከሩሲያ መንግሥት ጋር ማሴሩ አልተረጋገጠም ይላል። ፕሬዚዳንቱ ፍትሕ አደናቅፏል ወይ በሚለው ላይ ደግሞ ወንጀል ሠርቷል ብሎ አይደመድምም፣ ነፃም አያወጣውም። ይህን ለዕድር ጓደኞቼ ስነግራቸው ሁለቱም ወገን ተቆጣኝ። ያን ዕለት ሥራዬን በትክክል እንደሠራሁ ገባኝ፤ ኦዲተርን ሁለቱም ወገን ከወደደው አንድ ነገር አለ።

የወንድሜ ልጅ ታዲያ «ጥሩ የሠራ ሰው ምን ያገኛል?» አለኝ። ምንም ላያገኝ ይችላል። ፍራንክ ዊልስ ከዚያ በኋላ ደህና ሥራ ማግኘት አቃተው። በድህነት ኖሮ በ2000 በ52 ዓመቱ ሞተ። ይህን ደብቄ «ሐቀኛ ሁኑ፣ ታተርፋላችሁ» ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም።

ስለ ምርጫ ደህንነት ስትሰሙ ደግሞ አእምሯችሁ ወደ ሀከር ብቻ አይሩጥ። እዚህ ቨርጂኒያ ወረቀት የሌላቸውን የንክኪ ማሽኖች በሙሉ ከሥራ ያስወጡት በሴፕቴምበር 2017 ነው፣ ምርጫ ሁለት ወር ሲቀረው። ማሽን ከተበላሸ ወይም ከተነካ ተመልሶ የሚቆጠር ወረቀት ይኑር ነው ነገሩ። በዚያው ኖቬምበር ኒውፖርት ኒውስ ውስጥ ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ሁለት ሰዎች ተወዳደሩ። እንደገና ሲቆጠር ሴትዮዋ በአንድ ድምፅ አሸነፈች። በማግስቱ ዳኞች ሁለቱም ስም የተቀባበትን አንድ ወረቀት አይተው ለሰውየው ቆጠሩት። 11,608 ለ 11,608 ሆነ። በጃንዋሪ 2018 ከጎድጓዳ ሳህን ዕጣ ወጣ፣ ሰውየው ገባ። የምክር ቤቱ አብላጫ 51 ለ 49 የሆነው በዚያች ዕጣ ነው። «የኔ ድምፅ ምን ይለውጣል» የምትሉኝን ይህን እነግራችኋለሁ።

እና ጊዜ ካላችሁ መጥታችሁ አብራችሁን ሥሩ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት መገኘት ነው። ማሽኑ ዜሮ ማሳየቱን የሚያረጋግጥ ወረቀት ይታተማል፣ ሁላችን እንፈርምበታለን። የሁለቱም ፓርቲ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ነን፤ ዳቦ ይዤ እመጣለሁ፣ ሁሉም ይበላል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ሲዘጋ፣ በዕለቱ መጥተው ስማቸው የተመዘገበ መራጮች ቁጥርና ማሽኑ የቆጠረው መግጠም አለበት።

አንድ ዓመት አልገጠመም። ማሽኑ ከቆጠረው የመራጮቹ ቁጥር በአንድ በለጠ። ሁላችንም ደክሞናል። ውድድሩ በሰፊ ልዩነት ያለቀ ነው፣ አንዲት ድምፅ የምትለውጠው ነገር አልነበረም። አንዱ «እንፈርምና እንሂድ» አለ። አብራን የምትሠራ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች፣ የእኛው ልጅ። ምንም ሳትል ተነስታ ድምፅ መስጫ ጠረጴዛዎቹን አንድ በአንድ መፈተሽ ጀመረች። ከመጨረሻው ጠረጴዛ ጀርባ አንድ ወረቀት ተጣጥፎ ወድቆ አገኘች። መራጩ ማሽን ውስጥ ሳያስገባው ሄዷል። ለምን እንዳልተቆጠረ በቅጹ ላይ መግለጫ መጻፍ ነበረብን። ብዕሩን ሰጠኋት።

«ጋሼ፣ ይህን ማን ያነበዋል?» አለችኝ።

«ምናልባት ማንም።»

ትንሽ አሰበችና ጎንበስ ብላ መጻፍ ጀመረች። መሃል ላይ ቀና ብላ «ሰዓቱንም ልጻፈው?» አለች።

«ጻፊው» አልኳት።